የመርዶው አንቀጽ

አስካለ ድንቁ ፖሊስን ልትሰማ ስትሄድ ሁልጊዜ ምስር ይዛ ነው የምትሄደው። ሁለት ኪሎ ያልተለቀመ ምስር፣ አንድ ሰፌድ፣ ለጠጠሩ ደግሞ አንድ ትንሽ ጣሳ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን የጣቢያው መኪና ደጇ ላይ ትቆማለች። ሹፌር የላትም፤ ግን «እንደምን አደሩ» ትላለች። አስካለም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ?» ትላታለች፤ ሰላምታ ሳይመልሱ መሄድ አይሆንላትም። ባሏ መላኩ በረንዳ ላይ ተቀምጦ በየቀኑ ይስቅባታል።

«ምነው ልጆቿን ሳትጠይቂያት?»

«አንተ ዝም ብለህ ወጡን ጠብቅ» ብላው ትገባለች።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ስልሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው፤ የቆላሜዳ ከተማ ፖሊስ ሬዲዮውን ከቆለፈ ሠላሳ አንደኛ ዓመቱ። ደግሞ ያስቆለፈው ሕዝቡ ራሱ ነው። ሬዲዮው ክፍት በነበረበት ጊዜ ያሻው ሁሉ በስልኩ ያዳምጠው ነበር፤ ታክሲ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት፣ ጠጅ ቤት። ታዲያ አንድ ቀን አንዲት እናት ሽንኩርት እያቁላላች የልጇን ሞት ከስልኳ ሰማች፤ ሽማግሌ ሳይመጣ፣ ጎረቤት ሳይሰበሰብ፣ ደግፎ የሚይዛት ሰው ሳይኖር። ከተማው ተቆጣ። እንዴት ተደርጎ! ሰው መርዶውን እንደ አየር ጠባይ ዜና ይስማ? ዝጉት ተባለ፤ ፖሊስም ዘጋው። እንቢ የሚልበት ምን ምክንያት አለው?

ከዚያማ ጸጥ አለ። ሰው ሲያዝ ለምን እንደተያዘ፣ መኪና ሲከንፍ ወዴት እንደሚከንፍ የሚያውቅ ጠፋ። አሥር ዓመት እንደዚያ ከተኖረ በኋላ ጸጥታው ራሱ ያስፈራ ጀመር፤ እንደገና ጩኸት፣ እንደገና ስብሰባ፣ በመጨረሻ ሽምግልና። ሽማግሌዎቹ ያመጡት መላ እስከ ዛሬ አለ። ሬዲዮው እንደተቆለፈ ይቆይ፤ ግን ከሕዝቡ መካከል በዕጣ የወጣ አንድ ሰው ለአንድ ዓመት ቁጭ ብሎ ሁሉንም ይስማ። ሰሚ ይባል።

ሰሚ ቤት ገበያው መሃል የቆመ፣ አራቱም ግድግዳ መስታወት የሆነ አንድ ክፍል ነው። መስታወት የሆነበት ምክንያት አለው፤ ሰሚው መኖሩን፣ አለመተኛቱን፣ ማንም ጆሮው ሥር ገብቶ እንደማያንሾካሹክበት ሕዝቡ በዓይኑ እንዲያይ ነው። ድምፅ ግን አይወጣም፣ አይገባም። ሰሚው ከሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ይሰማል። በማግሥቱ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ያለፈውን ቀን ንግግር ከወረቀት ላይ ቃል በቃል በድምፅ ማጉያ ለገበያው ያነብባል። እስከዚያ ግን አፉን አይከፍትም፤ ለሚስት የለ፣ ለባል የለ፣ ለንስሐ አባት የለ። ከተነፈሰ ሰሚ ቤቱ ለዓመት ይዘጋል። ከወንበሩ ያለ ሰዓቱ ከወጣ ደግሞ የዚያን ቀን የተሰማው እንዳልተሰማ ይቆጠራል። ከአስካለ በፊት የነበረው ሰሚ፣ የተከበረ የሒሳብ መምህር፣ በሆድ ቁርጠት የተነሳ ሁለት ሙሉ ቀን አስጥሏል፤ እስካሁን ይታማበታል።

አስካለ ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ተራ በድምፅ ማጉያ መነሻና መድረሻ ስትጠራ ኖራለች። ዕጣው ሲወጣላት አለቀሰች፤ ፈርታ ነው። አሁን ግን ሁለት መቶ ቀን አልፏት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሏታል። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። ምስሩ ይለቀማል። የፖሊሱንም ንግግር የምታነብበው ልክ አውቶቡስ እንደምትጠራው ነው፤ «ሰሜን አሥራ አራት! ወደ አትክልት ተራ! አንድ የሰከረ ሰው አጥር ላይ!» ስትል ገበያው በሳቅ ያልቃል።

ፖሊሶቹ በሬዲዮ ስም የላቸውም፤ ቁጥር ነው ያላቸው። ከሁሉም ሰው የሚወድደው ሰሜን አሥራ አራትን ነው። ድምፁ ትንሽ ሻከር ያለ፣ ከማውራቱ በፊት ሁልጊዜ የሚያስል፣ ወሬ የማይጠላ ሰው ነው። ሚስቱ አርግዛ ጭቃ አማራት ብሎ ለጓደኞቹ ሲያማክር በማግሥቱ ከተማው ሁሉ ሰማ፤ አንዳንዱማ ከወንዝ ዳር የተመረጠ ጭቃ ይዞ ጣቢያው በር ላይ ጥሎ ሄደ። ሴት ልጅ ተገላገለች ሲባል ገበያው እልል አለ። ማን እንደሆነ የሚያውቀው ግን የለም።

አንድ ነገር ብቻ አይነበብም። ሰው የሞተበት ንግግር በመርዶው አንቀጽ ይታሸጋል። ያቺን እናት አስበው የጻፉት አንቀጽ ነው፤ መርዶው በወጉ ለሟች ዘመድ ከተነገረና ዕድሩ ከፈረመበት በኋላ ብቻ ይከፈታል። አስካለ «ታሽጓል» ብላ ስታነብ ገበያተኛው ኮፍያውን አውልቆ «ነፍስ ይማር» ይላል፤ በሦስት ቀን፣ ቢበዛ በአራት ቀን ይከፈታል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ማንም ነቀፌታ አውጥቶበት አያውቅም።

አሁን ደግሞ ወደ ጥላ ሰዓቱ እንምጣ። ቆላሜዳ ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት የጥላ ሰዓት ነው፤ ፊሽካ ይነፋል፣ ሰው ሁሉ ከፀሐይ ይገባል፣ መንገድ ላይ ውሻ እንኳ አይቀርም። ከሰሚ ቤቱ ፊት ለፊት ትልቅ ዳስ ስላለ ብዙው ሰው የጥላ ሰዓቱን የሚያሳልፈው እዚያ ነው። ሥራውም የአስካለን ፊት ማየት ነው። ዛሬ የምትሰማውን ነገ ታነብላቸዋለች፤ ግን የሰው ልጅ እስከ ነገ መች ይታገሣል! ቅንድቧ ከፍ ካለ ሌባ ተያዘ ይላሉ። ከንፈሯን ከነከሰች የባልና ሚስት ጠብ ነው ይላሉ። ምስር የሚለቅመው እጇ ከቆመማ ዳሱ ሁሉ ጸጥ ይላል። ምስሩንም ያመጣችው ለዚህ ነበር፤ ዓይኗን ሰፌዱ ላይ ተክላ እንዳትነበብ። አልሆነላትም፤ ይኸው እጇን ማንበብ ተማሩ።

ከሁሉ የሚብሰው ሎሚ ሻጩ ነበር። ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ቀጭን፣ ጥርሰ ፍንጭት ሽማግሌ። በጥላ ሰዓት የሎሚ ጋሪውን ገፍቶ ይመጣና መስታወቱ ሥር፣ ከአፍንጫዋ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ከዚያ በእጁ መገመት ይጀምራል። ሁለት ጡጫ ያጋጫል፤ ጠብ ነው? ጣቶቹን ኪሱ ውስጥ ያርመሰምሳል፤ ሌባ ነው? ጉንጩን ነፍቶ ይንገዳገዳል፤ ሰካራም ነው? አስካለ መመለስ አይፈቀድላትም። ሳቋን ልትውጥ ስትታገል ያያትና «አገኘሁ!» ብሎ ጭኑን ይመታል፤ ማለቱን ከአፉ ቅርጽ ነው የምታውቀው፣ ድምፁን ሰምታው አታውቅም። እሷ ስትወጣ እሱ ሄዷል። ቀናቸውን አብረው ያሳለፉ፣ አንዲት ቃል ያልተለዋወጡ ወዳጆች ነበሩ። ቦጋለ እንደሚባል፣ ከሐዲዱ ማዶ ብቻውን እንደሚኖር፣ ከየት እንደመጣ ማንም እንደማያውቅ የነገራት መላኩ ነው።

«ፍቅረኛሽ ቦጋለ ይባላል» አላት አንድ ቀን።

«እሰይ! አንተ ስትሞት ባል አላጣም» አለችው።

ነገሩ የሆነው ማክሰኞ ቀን ነው። ቦጋለ ዘግይቷል፤ አስካለ ሁለት ጊዜ ቀና ብላ ቦታውን አየች። ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ የፖሊሱ ማዕከል ተናገረ። ንቧ፣ ማለት ያቺ ከላይ እየዞረች የምታየው የፖሊስ በራሪ ካሜራ፣ ሐዲዱ መሻገሪያ ላይ የወደቀ ሰው አይታለች።

«ሰሜን አሥራ አራት፣ እሄዳለሁ» አለ አሥራ አራት፣ አስሎ። አስካለ ደስ አላት። በሁለት ደቂቃ ደረሰ።

«አንድ ሽማግሌ ናቸው። ጋሪ እየገፉ ነበር መሰለኝ፤ ፀሐዩ ጥሏቸዋል። ይተነፍሳሉ።» እንደገና አሳለ። «ግን ሐዲዱ ላይ ናቸው። ጭንቅላታቸው ወደ ደቡብ ነው።»

ሐዲዱ የሰሜን ጣቢያና የደቡብ ጣቢያ ድንበር ነው። በጥላ ሰዓት ፀሐይ የጣለው ሰው ያነሳው ጣቢያ መዝገብ ላይ ይቆጠራል፤ ብዙ የተቆጠረበት ጣቢያ ዓመቱ ሲዘጋ ይጠየቃል። ስለዚህ ማንም ማንሳት አይወድድም።

«ከወገብ በላይ ደቡብ ከሆኑ የደቡብ ናቸው» አለ ማዕከሉ። «አትንካ። ደቡብ ሦስት፣ ስማ።»

ደቡብ ሦስት ሁልጊዜ የሆነ ነገር እያኘከ ነው የሚያወራው። «እግራቸው የት ነው ያለው?»

«ሰሜን።»

«ታዲያ የተነሱት ከሰሜን ነዋ! የእናንተ ናቸው።»

«የእኛ አይደለም» አለ አሥራ አራት።

የአስካለ እጅ ቆመ። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው አንዱ ሌላውን በክርኑ ጎሸም አደረገ።

ከዚያ በንቧ በኩል ሌላ ድምፅ ገባ፤ ቀስ ያለ፣ ደረቅ የሽማግሌ ድምፅ። «ውሃ» አለ።

«ውሃ እያሉ ነው» አለ አሥራ አራት። «ልስጥ?»

«የነካ ያነሳል። ደንቡን ታውቃለህ።»

አሥራ አራት ወደ መኪናው ተመለሰ። የመኪናው በር ሲዘጋና ማቀዝቀዣው ሲነፋ ተሰማ። ከዚያ ክርክሩ ቀጠለ፤ ካርታ ተላከ፣ ካርታው የሐዲዱን መሃል ነው ወይስ ዳሩን ነው የሚለው ተባለ፣ አለቃ ተጠራ፣ አለቃው ምሳ ላይ ነው ተባለ። ሦስት ጊዜ አሥራ አራት «የእኛ አይደለም» አለ፤ አንደኛውን ጮክ ብሎ፣ ሦስተኛውን በሹክሹክታ። ደቂቃው አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ሆነ። አስካለ ጣቷ ሰፌዱ ላይ እንደተነጠፈ ቀረ። አሁን ያነሱታል፣ አሁን ያነሱታል ትላለች በልቧ። ከምድር ሁሉ ይህን የምትሰማ ሲቪል እሷ አንዷ ናት፤ መሻገሪያው ደግሞ በእግር የስድስት ደቂቃ መንገድ ነው።

ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ላይ «አበቃ» አለ አሥራ አራት። ሳል የለ፣ ምን የለ። ቀጥሎ ደቡብ ሦስት፣ እሱም ደርሶ ኖሮ፣ «ጋሪው ላይ ያለው ሎሚ ነው፤ ይመዝገብ?» አለ።

አስካለ ብድግ አለች። ሰሚ ተነስታ ስትቆም ያየ ሰው ስለሌለ ዳሱ ውስጥ ያለው ሕዝብ አብሯት ተነሳ። በሩ ሁለት እርምጃ ነው። ብትወጣ ግን ቀኑ ይወድቃል፤ አርባውም ደቂቃ እንዳልተሰማ ይሆናል፤ ያ ድምፅ፣ ያ «ውሃ» ያለው ድምፅ፣ የትም አይኖርም።  ከዚያ ተመልሳ ቁጭ አለችና እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ባዶውን ቦታ እያየች ሰማች። አላለቀሰችም፤ እንባም ይነበባላ።

በማግሥቱ ስድስት ሰዓት ላይ ወረቀቱን አነሳች። «ከስምንት ሰዓት ከአሥር እስከ ስምንት ሰዓት ከሃምሳ፣ በመርዶው አንቀጽ ታሽጓል።» ገበያው «ነፍስ ይማር» አለ። ዘመድ ያለው ሁሉ በየልቡ ዘመዱን ቆጠረ። ሦስት ቀን አለፈ፤ አራት፣ አምስት አለፈ፤ አልተከፈተም። በየቤቱ ግን የሞተ ሰው የለም።

ወረቀቱን በየጠዋቱ የምታስረክባት ሳጅን ትርሲት ትባላለች፤ ልጅ እግር፣ ሥርዓት ያላት፣ የሰው ዓይን ማየት የሚከብዳት። በሰባተኛው ቀን አስካለ ጠየቀቻት።

«ይቺ የማክሰኞዋ መቼ ነው የምትከፈተው ልጄ?»

«ዘመድ ሲገኝ ነው እትዬ። መርዶው ለማን ይነገር? ሰውየው ማንም የላቸውም።»

«ካልተገኘስ?»

ትርሲት መሬት መሬት አየች። «በአሥራ አምስት ቀን ማዘጋጃ ቤቱ ይቀብራል። ከዚያ… እንደታሸገ ነው እንግዲህ። እንዲህ ያሉ አርባ ሦስት አሉ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሕጉን እኔ አላወጣሁት እትዬ። እኔም እንቅልፍ አልወስደኝ ብሏል።»

አስካለ ቤቷ ገብታ እራት አልበላም አለች። መላኩ አየት አደረጋት። በሕጉ መጠየቅ አይችልም፤ እሷም መናገር አትችልም። እጇን ያዘና ዝም ብሎ አብሯት ተቀመጠ። ሁለት መቶ ቀን ሲያሾፍ የኖረ ሰው አንድም ቀልድ አልወጣውም።

ያ እንዴት ይሆናል? እያለች ታስባለች። ያ አንቀጽ ለዚያች እናት ብለው የጻፉት ነው፤ ሰው ሳይደገፍ መርዶ እንዳይሰማ። አሁን ደጋፊ የሌለውን ሰው መደበቂያ ሆነ። ደግሞም ማንም አልዋሸም፤ ሁሉም ሕጉን ጠብቋል፤ እሷም ጠብቃለች። ይህ ነው ያንገበገባት። እሷም ሕግ ጠብቃ አርባ ደቂቃ ቁጭ ብላለች።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ወደ አቶ ሽብሩ ቤት ሄደች። አቶ ሽብሩ የዕድሩ ዳኛ ናቸው፤ ደንብ የሚወድዱ፣ ደረቅ፣ አንዲት ፊርማ የጎደላት እንደሆነ ሬሳ የሚያስቆሙ ሰው ይባላሉ። መዝገባቸው ወረቀት ነው፤ በዚህ ዘመን።

«ጋሽ ሽብሩ፣ ሰው ላስመዘግብ ነበር።»

«ማንን?»

«ወንድሜን። ቦጋለን። አባቱን አላውቀውም።»

አቶ ሽብሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሎሚ ሻጩን?»

«አዎ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ወንድምሽ የሆነው?»

«ከዛሬ ወዲህ።»

ሌላ ቃል አልተናገረችም። ሽማግሌው ግን ማክሰኞ ዕለት ዳሱ ውስጥ ነበሩ። ተነስታ ስትቆም አብረው ተነስተዋል። ሎሚ ሻጩም ከዚያን ቀን ወዲህ ቦታው ላይ የለም። ፊቷን አዩት፤ ቀስ ብለው፣ ሲያዩት ቆዩ። አስካለም ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ለመደበቅ አልሞከረችም፤ ይነበብ ብላ ቀና አደረገችው።

«የደንባችን አንቀጽ ዘጠኝ» አሉ አቶ ሽብሩ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «አባል ወንድሜ ብሎ ያስመዘገበውን ሰው ዕድሩ በሥጋ ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም ይላል።» ጻፉ። ነፉበት። ፈረሙ። ከዚያ አንድ አንድ ቃል እየመረጡ፣ «ቀባሪ ያጣ አስከሬን እንዳለ ሆስፒታል ሄዶ መጠየቅ የዕድር ወግ ነው። በዓመት አንዴ እንኳ አናደርገውም፤ ሰንፈናል። ነገ እሄዳለሁ። አንቺ ምንም አልነገርሽኝም።»

«ምንም አልነገርኩዎትም።»

«ሂጂ እንግዲህ። ከነገ ወዲያ በር አትቆልፉ።»

ሰኞ ጎሕ ሲቀድድ በሩ ተንኳኳ። አስካለ ለብሳ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ነበር ያነጋችው። መላኩ ከፈተ። አቶ ሽብሩና ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ፤ ከኋላቸው የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ግቢውን ሞሉት። ሁለቱ ጠንካሮች ከግራና ከቀኝ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ፤ ለመያዝ ነው። ሁሉም እንደ ወጉ።

«አስካለ» አሉ አቶ ሽብሩ፣ «ሰው ነን። የመጣ ሁሉ ይሄዳል።»

«አዎ ጋሽ ሽብሩ።»

«ወንድምሽ ቦጋለ አርፏል። ሆስፒታል አየሁት። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

ታውቀው ነበር እኮ። አሥራ ሦስት ቀን ሙሉ ታውቀው ነበር። ግን ማወቅ ሌላ፣ በሰው መሃል ተይዞ መስማት ሌላ ሆነባት። ከሆዷ ውስጥ የወጣው ጩኸት ራሷንም አስደነገጣት። «ወንድሜን! ወንድሜን!» ብላ ወደ መሬት ስትሄድ ሁለቱ ሴቶች ያዟት፤ ግቢው አብሯት አለቀሰ። ያ ሽማግሌ በሕይወቱ ሳለ አሥር ሰው እንደማያለቅስለት እርግጠኛ ነበር፤ ይኸው መቶ ሰው ጮኸለት። አቶ ሽብሩ እንባቸውን በመሐረባቸው ጠርገው መዝገቡን አወጡ። መርዶው ተነግሯል ብለው፣ ሰዓቱን ጽፈው፣ ፈረሙ።

ድንኳኑ ደጇ ላይ ተተከለ። ሰሚ ሐዘን ከተቀመጠች ወንበሯን ተጠባባቂው ይይዛል፤ የዕለቱን ወረቀት የምታነብበው ግን የጣቢያው ሳጅን ናት፣ ሕጉ እንዲያ ይላል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ይህ ቀን ይመጣል ብለው ያሰቡ አይመስለኝም።

ስድስት ሰዓት ላይ ከገበያው በኩል የድምፅ ማጉያው ኮሽ ኮሽ አለ። ነፋሱ ወደ ድንኳኑ ነበር። የሳጅን ትርሲት ድምፅ መጀመሪያ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቆይቶ ጸና። «ጭንቅላታቸው ወደ ደቡብ ነው» ስትል አንድ ሰው ሳቅ አለ፤ ቀልድ መስሎት ነው። «ውሃ እያሉ ነው፣ ልስጥ?» ስትል የሚስቅ አልነበረም። ሁሉንም አነበበችው፤ ካርታውን፣ ምሳ ላይ ያለውን አለቃ፣ ሦስቱንም «የእኛ አይደለም»። አርባው ደቂቃ ሲነበብ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ። ቆላሜዳ የፖሊሱን ቃል ከራሱ ከፖሊሱ አፍ ሰማ። ጨርሳ ማጉያውን ስታጠፋ የአስካለ ልብ አሥራ ሦስት ቀን ተንጠልጥሎ ከቆየበት አረፈ። ሰምተዋል። አሁን እሷ ብቻ አይደለችም የሰማችው።

ከዚያ ወሬው ፈነዳ። ሰሜን አሥራ አራት! ጭቃ ያመጣንለት! እልል ያልንለት! አንዱ ይሰቀል አለ፣ አንዱ ጠይቆ ነበር እኮ፣ ልስጥ ብሎ ነበር እኮ አለ። ማን እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም፤ ሕጉ ቁጥሩን እንጂ ስሙን አያስነብብም።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ የጥላው ሰዓት ሲያበቃ፣ ለቅሶ የሚደርሰው ሕዝብ በረከተ። ከሕዝቡ ጋር አንድ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ቀይ ወጣት ገባ፤ የደንብ ልብስ አልለበሰም። ተራውን ጠብቆ እየጎነበሰ እስከ አስካለ ድረስ መጣና፣ መጀመሪያ አሳለ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለ፣ ሻከር ባለ ድምፅ።

አስካለ ክው አለች። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መሃል ይህን ድምፅ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ሁለት መቶ ቀን ጆሮዋ ውስጥ የኖረ ድምፅ ነው፤ ከሚስቱ አምሮት ጋር፣ ከልጁ መወለድ ጋር። ጠላችው። ወዲያው ደግሞ አሳዘናት። እሱ አልፎ ሄዶ ከኋላ፣ ከምሰሶው አጠገብ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። አጠገቡ ያለው ሰውዬ ስለ ሰሜን አሥራ አራት ጭካኔ ያወራለት ጀመር። ልጁ ይሰማል።

ብትናገር ስሙን ሳይሆን ሕይወቱን ነው የምትሰጣቸው። ዝም ብትል ደግሞ ሌላ ማሸጊያ መሆኗ ነው። ምን ትሁን! ለሰፈሯ ሴት፣ «ያንን ልጅ ጥሪልኝ» አለቻት።

መጥቶ ፊቷ በርከክ አለ። ጆሮው ድረስ ጎንበስ ብላ፣ «አሥራ አራት» አለችው፣ በጣም ቀስ ብላ።

ልጁ አልሸሸም።  «ባይገባኝም መጣሁ እትዬ። ቤቴ መቀመጥ አቃተኝ።»

«ስምህ ማነው?»

«ይትባረክ። ይትባረክ ሞላ።»

«ይትባረክ» አለች፣ እጁን ይዛ። «እኔማ ስሰማህ ነው የከረምኩት። ለእነሱ ንገራቸው።»

ረጅም ጊዜ ተንበርክኮ ቆየ። አስካለ እጁን አልለቀቀችም፤ አልገፋችውምም። ከዚያ ይትባረክ ተነሳ፤ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ስሙን ከነአባቱ ተናገረ።